ጨው ቅመስልኝ

የሺእመቤት በጾም ወጥ አትቀምስም። ይህን አትላንታ አጠገብ ያለው የፓይን ሌክ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቅ ካለም እሷው ትነግረዋለች። ምግብ ቤቷ በጾምም በፍስክም ዶሮ ወጥ ይሠራል፤ ደንበኛው የየሃይማኖቱ ነው፣ ፈረንጁም ጾም ገባ ወጣ አይልም። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ድስት ላይ አጎንብሳ ውላ፣ ጣቷን እንኳ ሳትልስ ስኔልቪል ወዳለው ቤቷ ትሄዳለች። ቁሌቱን በሽታው ታውቀዋለች፣ ቅቤውን በድምፁ፣ በርበሬውን በቀለሙ። የሚያስቸግራት ጨው ብቻ ነው። ጨው አይሸትም፣ አይታይም፣ ለጨው የግድ ምላስ ያስፈልጋል።

ያ ምላስ ልጇ ኡራኤል ነበር። ድሮ ክላርክስተን ሳሉ፣ ባሏ ለገሰም በሕይወት እያለ፣ የሺእመቤት በአፓርትመንቷ ኩሽና ለሰው ድግስ ትሠራ ነበር። ልጁ ገና ጾም የማይገደድ ሕፃን ነው። «ኡራ፣ ና ጨው ቅመስልኝ» ስትለው መጫወቻውን ጥሎ ይመጣል፤ ማንኪያውን አፉ ውስጥ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያስባል። ያን የምታህል ፍሬ ምን ያስባል? እሱ ግን ያስብ ነበር። «ትንሽ ይጎድለዋል» ካለ ጎድሎታል፤ «ልክ ነው» ካለም ልክ ነው። ተሳስቶ አያውቅም። «ምላሴ እኮ እሱ ነው» እያለች ለጎረቤት ታወራለች። አድጎ መጾም ሲገባው አልጾመም፤ እሷም አንጀቷ እያረረ፣ «ለድስቱ ብሎ ነው» እያለች ለንስሐ አባቷ ትከራከርለት ነበር። እናት ራሷን ማታለል ከጀመረች እንግዲህ ማን ይመልሳታል?

ያው ምላስ በኋላ እንጀራ ሆነለት። ከተማው መሀል ካለ አንድ የፈረንሳይ ምግብ ቤት ብርጭቆ አጣቢ ሆኖ ገባ፣ አስተናጋጅ ሆነ፣ ተማረ፣ ተፈተነ፣ በመጨረሻ ለእንግዳ ወይን ቀምሶ የሚመርጥ ባለሙያ ሆኖ አረፈው። የሙያው ስም ሶምሊዬ ነው። የሺእመቤት ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ለእናቶቹ «ልጄ ሶምሊዬ ሆነ» ብላ በኩራት ብትናገር፣ እነሱ «ሶማሌ» ብለው ሰሙ። ሳምንቱ ሳይሞላ ኡራኤል የሶማሌ ልጅ አግብቶ ኦሃዮ ገባ ተብሎ ተወራ። ጎረቤቷ ሸዋነሽማ ልታጽናናት ድፎ ዳቦ ይዛ መጣች። ዳቦውን ተካፍለው በሉ፤ ሲስቁ አመሹ።

ዘንድሮ የገና ጾም ሊገባ ሲል ታዲያ ይኸው ልጅ እናቱ ዘንድ መጣ።

«እማ፣ አንድ አይዲያ አለኝ።»

አይዲያው እንዲህ ነው። አንድ ሰኞ ማታ ምግብ ቤቱ ለሌላ ሰው ይዘጋና የተጠሩ እንግዶች ብቻ ይመጣሉ። የሚጠጣው አንድ ወይን ነው፤ ከወይኑ ጋር የሚስማሙ ምግቦች በየተራ ይቀርባሉ።

«ወይኑ ቩቭሬ ይባላል።»

«ቡሬ? የጎጃሙ?»

«ቩቭሬ፣ እማ። ፈረንሳይ ነው፣ ሎዋር የሚባል ወንዝ ዳር። ነጭ ወይን ነው፤ አለት ፈልፍለው ዋሻ ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት። ደረቁ አለ፣ ጣፋጭነት የሌለው፣ ሴክ ይሉታል። ለዘብ ብሎ ጣፈጥ የሚለው ደግሞ አለ፣ ደሚ ሴክ። እኔ ደሚ ሴኩን ነው ኦርደር ያደረግኩት። ማር ማር ይላል፣ ግን ኮምጠጥ ያደርገዋል። ያንቺን በርበሬ የሚችለው እሱ ነው። ትረስት ሚ።»

«አገሬው ከምን ጋር ነው የሚጠጣው?»

«ከፍየል ቺዝ ጋር፣ ከወንዝ ዓሣ ጋር። ደረቁን ደግሞ ዶሮ በክሬም ሠርተው ከሱ ጋር ይጠጡታል። ከአሳማም ጋር…»

«እሱን ተወኝ።»

«ኦኬ፣ ኦኬ። ነገሩ ፔሪንግ ነው የሚባለው። በቃ ማጋባት በይው፤ ወይኑን ከወጡ ጋር ማጋባት።»

«ሽማግሌ የላከው ማነው ታዲያ?»

ኡራኤል ሳቀ። «ሽማግሌውማ እኔ ነኝ። የወይኑም የወጡም ወገን ነኝ።»

የሁለት ወገን ሽማግሌ ሲጨንቀው ወዴት እንደሚያደላ አይታወቅም፤ ያን ቀን ግን ይህን ማን አሰበው። የሺእመቤት ጉልበቷን እያሸች ልጇን ስታይ ሌላ ነገር ነበር የምታስበው። ጉልበቷ ቆሞ መዋልን እምቢ ካለ ቆይቷል። ኡራኤል ወጥ ቤቱን ልረከብ ይላል፤ እሷ ደግሞ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም እያለች ስታቆየው ኖራለች። አሁን ቆረጠች። «ይህ ምሽት ከተሳካልህ የወጥ ቤቱን ቁልፍ እሰጥሃለሁ። ወጤን ግን ወጤ እንደሆነ አቅርበው። በዚህ አገር ያለኝ ስም እሱ ነው፤ ሌላ የለኝም» አለችው።

«ፕሮሚስ» አላት።

ሰኞ ሆነ። የሺእመቤት በማለዳ መጥታ ከረዳቷ ከአያንቱ ጋር ሽንኩርት ላይ ተቀመጠች። ዶሮዎቹን በሎሚና በጨው አጥባ በየብልቱ አወጣች። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አብስላ፣ በርበሬውን ጨምራ፣ ቀስ አድርጋ አቁላላችው። እንዲህ ያለውን ቁሌት የሚያጣድፍ ሰው ወጥ አይሥራ ባይ ናት። አያንቱ ጴንጤ ናት፣ ጾም የላትም፤ ብትቀምስ ማንም አይቆጣትም ነበር። ግን በዚያ ቤት ጨው መቅመስ የኡራኤል ማዕረግ ስለሆነ ጠይቋት የሚያውቅ የለም። የሺእመቤት ማቀዝቀዣው ውስጥ የክሬም ካርቶኖች ተደርድረው አየችና ምን እንደሆኑ ኡራኤልን ብትጠይቀው፣ «ለዲዘርት ነው» አላት።

ከሰዓት በኋላ ወይኑ በሳጥን መጣ። ኡራኤል አንዱን ከፈተ፣ ቀዳ፣ አሸተተ፣ ቀመሰ። ፊቱ ጭፍግግ አለ። ጠርሙሱን አዙሮ ጽሑፉን አነበበና ስልኩን ይዞ ወደ መኪና ማቆሚያው ወጣ። የሺእመቤት በመስኮቱ ስታየው ወዲያ ወዲህ እያለ፣ እጁን እያወናጨፈ ያወራል። ተመልሶ ሲገባ ግንባሩ ላቦት ነበረው፤ በታኅሣሥ ብርድ።

«ምነው ልጄ?»

«ናቲንግ፣ እማ። ሁሉም ኦኬ ነው።»

መከለሻውን ነስንሳ ድስቱን ልታወጣ ስትል እንደ ሁልጊዜው ጠራችው። «ኡራ፣ ና ጨው ቅመስልኝ።»

መጣ። ማንኪያውን አፉ ውስጥ ይዞ፣ እንደ ልጅነቱ ዓይኑን ጨፈነ። ዛሬ ቆየ። «ልክ ነው» አለ በመጨረሻ። «ጨውሽ ልክ ነው፣ እማ።» ከዚያ ግንባሯን ሳማት። በሥራ መሀል ስሟት አያውቅም፤ እሷ ግን ደስ ብሎት ነው ብላ ተወችው።

«በይ አሁን ልብስሽን ቀይሪ። ዛሬ አንቺ እንግዳ ነሽ፤ ወጥ ቤት አትመለሽም። የቀረውን እኔና አያንቱ እንጨርሰዋለን።»

የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጥለቱ የወይን ጠጅ ቀለም የሆነውን ነጠላ አጣፍታ ስትወጣ አዳራሹ ሌላ ቤት መስሎ ጠበቃት። መብራቱ ደብዝዞ ጠረጴዛው ሁሉ ላይ ሻማ በርቷል። እንግዶቹ አብዛኞቹ ፈረንጆች ናቸው፦ ወይን አስመጪዎች፣ ስለ ምግብ የምትጽፍ አንዲት ሴትዮ፣ ኡራኤል የሚሠራበት ቤት ሰዎች። ከሐበሻ ደንበኞቿ የጠራችው ኢሳያስን ነው። ኢሳያስ ዲቪ ደርሶት የመጣ፣ ትራክ የሚነዳ፣ ማሪዬታ የሚኖር ሰው ነው። ጴንጤ ስለሆነ ወይን አይጠጣም፤ ለእሷ ዶሮ ወጥ ሲል ግን ከተማውን አቋርጦ ሲመላለስ ዓመታት ሆኖታል። «የእናቴን እጅ ያገኘሁት እርስዎ ዘንድ ነው» ይላታል፤ እናቱ ከሞቱ ቆይተዋል።

ኡራኤል እናቱን የመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ የጾም ምግብ አቀረበላት። የፍየል ቺዙ ዞረ፣ ዓሣው ዞረ፣ ወይኑ ተቀዳ። የሚቀዱት ብርጭቆውን ሳይሞሉ ነው። በእኛ ቤት እንዲህ ቢቀዳ ስስታም ያሰኛል፣ አለች በሆዷ፤ ግን ነገሩ የፈረንጅ ነው ብላ ዝም አለች። ወዲያው ዶሮ ወጡ በትንንሽ ሳህን መጣ። የወተት ሽታ አፍንጫዋን መታት። የጾመኛ አፍንጫ ወተትን ከሩቅ ይይዛል። ቅድም የቀረበው ቺዝ ይሆናል አለች። ወጡም ፈዘዝ ብሎ ታያት፤ ይህን ደግሞ በሻማው አመካኘች።

ያኔ ኡራኤል ብርጭቆውን በማንኪያ ነክቶ ንግግር ጀመረ። የንግግሩ ግማሹ ገባት፣ ግማሹ አልገባትም። ስለ ወንዙ አወራ፣ ስለ ዋሻው አወራ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። እናቱ በጾም እንደማትቀምስ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የእሷ ምላስ እንደነበረ፣ ዛሬ ያለውን ሙያ ያገኘው ከዚያ ማንኪያ እንደሆነ ተናገረ። የሰዉን አንጀት በላ። ጸሐፊዋ ሴትዮ ዓይኗን በጨርቅ ጠረገች። የሺእመቤትም አለቀሰች፤ ለገሰ ይህን ባየ ብላ አለቀሰች።

ምግቡ ሲያልቅ ፈረንጆቹ እየመጡ እጇን ጨበጡ። ጸሐፊዋ ጎንበስ ብላ፣ የሐበሻ ምግብ አፏን እያቃጠላት ትፈራው እንደነበር፣ የዛሬው ግን ሐር እንደሆነ፣ ከወይኑ ጋር አንድ ላይ እንደተወለደ ነገረቻት። የማያቃጥል ዶሮ ወጥ። የሺእመቤት ፈገግ ብላ አመሰገነች፤ ልቧ ግን ቃሉ ላይ ቀረ። ምኑ ነው የማያቃጥለው?

ከሁሉ በኋላ ኢሳያስ መጣ። አጠገቧ ቁጢጥ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ የሺ፣ ጤናዎ ደህና ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው?»

«አይ፣ ይተዉት።»

«ንገረኝ እንጂ።»

ኢሳያስ አንገቱን አከከ። «ወጡ… እጅዎ የለበትም፣ እትዬ። ደክሞዎት ይሆናል ብዬ ነው። ያው ጉልበትዎም ያስቸግርዎታል፣ ዕድሜም አለ። ማንም አይፈርድብዎትም። እኔ እርስዎ ሲያበሉኝ የኖርኩ ሰው ነኝ።»

ይህን ሁሉ የተናገረው በፍቅር ነው፤ ሕመሙ እሱ ላይ ነበር። ቢሰድባት ትመልስለት ነበር። ሲያዝንላት ግን ምን ትመልስ? ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣችና ወደ ወጥ ቤት ገባች።

አያንቱ ዕቃ እያጠበች ነው፤ ቀና አላለችም። ድስቱ ምድጃው ላይ አለ። ክዳኑን አነሣችው። እንደ ረጋ ደም ሊጠቁር የሚገባው ወጥ ጽጌረዳ መስሏል። ቆሻሻ መጣያው ላይ የክሬም ካርቶኖች ተጨማድደው ተጥለዋል።

«አያንቱ፣ ምንድነው ይህ?»

«እትዬ፣ እሱን ይጠይቁት። እኔ አይሆንም ብዬዋለሁ።»

የሺእመቤት ማንኪያ አነሣች። ሱዳን መጠለያ ጣቢያ ሳለች፣ የእርዳታ ሥጋ በቆርቆሮ ሲሰጣት በጾም አልነካም ብላ ለጎረቤት ሰጥታ ደረቅ ቂጣ በልታ ያደረች ሴት ናት። ለገሰ ታሞ በተኛበትም፣ እሷ በታመመችበትም ጾም አልፈታችም። አሁን ቆማ፣ ከድስቱ ጨለፈችና ወደ አፏ ላከችው።

መጥፎ ቢሆን ይሻላት ነበር። ይጣፍጣል። ለስላሳ፣ ወፍራም፣ አፍ የማይጣላ፤ በርበሬው እሩቅ ቦታ ሆኖ ይሰማል። የማንም ሰው ወጥ ሊሆን ይችላል። የእሷ አልነበረም።

ኡራኤል እየሳቀ ገባ፤ ማንኪያውን እጇ ላይ ሲያየው ሳቁ ቆመ። «እማ፣ ጾም አይደለሽም እንዴ?»

«ነበርኩ።»

«እማ፣ ሊሰን። ወይኑን ተሳስተው ነው የላኩት። ሴኩን ነው የላኩት፣ ደረቁን። ደረቁ ከበርበሬ ጋር አፍ ውስጥ ሬት ነው የሚሆነው። መልሱት ብላቸው ለዛሬ አይደርስም አሉኝ። ሰው ሁሉ እየመጣ ነው። ደረቁ የሚወደው ክሬም ነው፤ ሌላ ምን ላድርግ?»

«ወይኑን ትተወዋለህ። ውኃ ትሰጣቸዋለህ።»

«ዲነሩ እኮ የወይኑ ነው።»

«የእኔ መስሎኝ።»

አያንቱ ውኃውን ዘጋች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ እሺ ትይኝ ነበር?»

«አልልህም።»

«አየሽ?»

«አየሁ እንጂ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ሲባል ስሰማ ስለ ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር። ስትቀምስልኝ ልክ ነው አልከኝ።»

«ልክ ነበር። ስቀምስ ልክ ነበር፤ አልዋሸሁሽም። ከሠራሽው ሁሉ የበለጠ ነበር፣ እማ።» ወደ ድስቱ ዞረ። «ከሁሉ የበለጠ ነበር።»

ይህን መስማት ከክሬሙ ይብስ ነበር። አውቆ ነው ያጠፋው። ያንን ወጥ በዓለም ላይ የቀመሰው እሱ ብቻ ነው፤ ከእንግዲህ ማንም አይቀምሰውም።

«ጋብቻ ነው ብለኸኝ ነበር» አለችው። «እናት ሳትጠየቅ፣ በር ተዘግቶባት ልጅ ስትወሰድ ጋብቻ አይባልም። ጠለፋ ነው። ከዚያ ደግሞ ሰርግ ላይ አስቀምጠህ አስለቀስከኝ።»

በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ኢሳያስ ነው፤ ጃኬቱን ለብሶ ሊሰናበት መጥቷል። ፊታቸውን ሲያይ ክው አለ። «እትዬ፣ በነገርኩዎት ተቀየሙኝ እንዴ? አፌን በቆረጠው።»

ኡራኤል መሬት መሬት ያያል። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «እኔ አይደለሁም» ብትል ስሟ ይመለሳል፣ እጇ ይመለሳል፤ ኢሳያስ ማሪዬታ ሳይደርስ ስልክ እየደወለ ለግማሽ አትላንታ ይነግርላታል። የልጇም ስም በዚያው ያበቃል፤ የእናቱን ድስት ያበላሸ ተብሎ። አያንቱ ትናገር እንደሆነ ጠበቀቻት። ኡራኤልም ይናገር እንደሆነ ጠበቀች፤ እሱን ረዘም አድርጋ ጠበቀችው። አልተናገረም።

«ምን በወጣህ» አለች ለኢሳያስ። «እውነትህን ነው። እጄ ደክሟል። ወጥ ቤቱን ከዛሬ ጀምሮ ለኡራኤል ለቅቄያለሁ።»

«ተመስገን ነው፣ እትዬ። ልጅ አሳድጎ ማረፍ የመሰለ ምን አለ» አለና ኡራኤልን ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ወጣ።

የሺእመቤት ቁልፉን ከመቀነቷ ፈትታ ድስቱ አጠገብ አስቀመጠችው። «ቃል ቃል ነው» አለች። ኡራኤል «እማ» ብሎ እጁን ዘረጋ፤ እሷ ግን መኪናዋ ዘንድ ደርሳ ነበር።

ጸሐፊዋ ሴትዮ ጻፈች። ሰው እየደወለ ያንን የማያቃጥል ዶሮ ወጥ መጠየቅ ያዘ፤ ኡራኤልም ይሠራላቸዋል። ደሚ ሴኩ በማግስቱ መጥቶ ነበር አሉ። ማንም አልፈለገውም።

የገና ዋዜማ የሺእመቤት ስኔልቪል ቤቷ ለራሷ ሰዎች ዶሮ ወጥ ሠራች። ጾሙ እስኪፈታ የቀረው ሌሊቱ ብቻ ነው። መከለሻውን ነስንሳ ድስቱን ልታወጣ ስትል፣ አፏ በገዛ ልማዱ «ኡራ፣ ና ጨ…» አለ። ሳሎን ተቀምጦ የነበረው ልጅ ብድግ ብሎ መጣ፤ መሳቢያውን ከፍቶ ማንኪያ ሁሉ አውጥቷል።

«ተወው» አለችው። «ደህና ነው።»

ማንኪያውን ይዞ ጥቂት ቆመና መልሶ አስቀመጠው።

ከቅዳሴ መልስ ገበታው ቀረበ። የሺእመቤት ቆርሳ ጎረሰች። በርበሬው ልክ ነው፣ ቁሌቱ ልክ ነው፣ እጇ አለበት፤ ጨው ግን የለውም። አልጫ ነው ማለት ይቻላል። ቀና ስትል ኡራኤል እየጎረሰ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ አላመጠ፣ ዋጠ፣ ዓይኑን ገለጠና አያት።

«ልክ ነው፣ እማ» አለ።

የጨው ዕቃውን አንሥታ ፊቱ አስቀመጠችለትና ወጥ ልትጨምር ተነሣች።